አራት ነን፣ አንተን ጨምሮ

ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ጉዳይ ይገባል። እኔ ግን ዛሬ እንደዚያ አላልፍህም፤ የምጠይቅህ መልስ ስለምፈልግ ነው። ሳሉ ጨርሶ ለቀቀህ? መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ወሰድክ ወይስ ሲሻልህ ተውከው? ደረትህን አሁንም ይወጋሃል? ትንቢትና ታናሿስ እንዴት ናቸው? ባለቤትህ ኤልቤቴልስ? እነሱ ደህና እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ የሚያስፈልጋቸውን በጊዜው አግኝተዋል። ቢሆንም ልጠይቅ። ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም፤ እግዚአብሔር ያሳድግልህ።

እኛ በእርሱ ቸርነት አለን። ዲላ ዝናቡ አላባራ ብሎ ከሰፈራችን ከዋለሜ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ባጃጆቹም እዚህ ድረስ አንመጣም ብለዋል። አማችህ ታዲዮስ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ሐሙስ ይመለሳል። እማዬ ከወርቃ ሰው በመጣ ቁጥር ቆጮ ትልክልናለች፣ "ልጄ ምነው ድምፁ ጠፋ?" እያለች ስለ አንተ ታስጠይቀኛለች። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ እመልሳለሁ። ስለ አንተ ለሰው የማይሆን ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ አይደለም። ድሮ ግን ሳላውቅ ነበር፤ አሁን እያወቅሁ ነው።

በደብዳቤ የመጣሁብህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። አንድ ቀን ተሳስተህ ስታነሳ እንኳ "እታለም፣ ኔትወርክ የለም" ብለህ ዘጋኸው፤ ዲላ መሃል ቁጭ ብለህ። ደብዳቤ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ቅዳሜ ቤትህ ስትገባ እንድታገኘው ለፍስሐ ገነቱ ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ፖስታውን እንደምታየው ዙሪያውን በማሽን ሰፍቼዋለሁ፤ ሙጫ አጥቼ አይደለም። ከአንተ በፊት የከፈተው ሰው ካለ ክሩን ሳይበጥስ አይከፍተውም፣ አንተም ታውቃለህ።

መጀመሪያ የልጄን የሩሃማን ልንገርህ፤ መቼም አንተ አልጠየቅህም። ጀርባዋን የሚደግፍ ጠንካራ ቀበቶ ተሰጥቷታል። ቆዳዋን እየላጠ ስላስቸገራት ውስጡን በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ገበርኩላት። ግድግዳ ይዛ ከክፍሏ እስከ ሳሎን ትመጣለች፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ ምንም ሳትይዝ ግቢው ውስጥ እስካለው ቧንቧ ደርሳ ተመለሰች። አንደኛ ክፍል ሳትጨርስ ቀረች። መድኃኒቱ ከዓመት ያላነሰ ነው አሉን። ጀርባዋ ላይ የወጣው ጉብታ ይለቃት እንደሆነ ሐኪሙን ስጠይቀው፣ ሕክምናው ሲያልቅ እናያለን አለኝ። እኔ በየቀኑ ሳጥባት እጄን አሳልፍበታለሁ። አንዳንድ ቀን የቀነሰ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንዲያውም የጨመረ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሥራህ ዲላ ሆኖ ሚስትና ልጆችህ ፍስሐ ገነት ሲቀሩ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የት ታድራለህ ብለን የተነጋገርንበት ቀን የለም። ሻንጣህን ይዘህ መጣህ፤ እኔም ሩሃማ ክፍል ውስጥ ከአልጋዋ ትይዩ ሌላ አልጋ አስገባሁ። እሷም ደስ አላት። ፊደል ያስቆጠርካት አንተ ነህ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት ተረት የምትነግራትም አንተ። ጅቡ ሁልጊዜ የሚሸነፍበት ተረትህን እስከ ዛሬ ለእኔ ትነግረኛለች፣ የጅቡንም ድምፅ አንተ እንደምታወጣው ነው የምታወጣው።

ባለፈው ክረምት ማሳል ጀመርክ። የፍስሐ ገነት ብርድ ነው አልክ። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፈላሁልህ፤ የታዲዮስን ጋቢ ደረብኩልህ፤ ብርድ እንዳይገባብህ ብዬም የዚያን ክፍል መስኮት በጨርቅ ወተፍኩት። ሲስተር ሱመይራ፣ ማለት አሁን ሩሃማን የምትከታተለው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ስለ መስኮቱ ስነግራት ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ጨርቁን የዚያኑ ዕለት ነቅዬ ጣልኩት።

መስከረም ላይ ፈቃድ ወስደህ ቤትህ ልታርፍ ሄድክ። ስትመለስ ወፍረህ፣ ፊትህ ጠርቶ ነበር። የሚስት እጅ እንዲህ ነው ብዬ አሾፍኩብህ። ጠዋት ጠዋት ከቦርሳህ እያወጣህ የምትውጠው ምንድነው ስልህ ቫይታሚን ነው አልከኝ። አመንኩህ። የእናቴን ልጅ ቫይታሚኑን አሳየኝ ልልህ ነው?

ጥር ላይ ሩሃማ ጀርባዬን አመመኝ አለች። ከትምህርት ቤቱ ዥዋዥዌ ወድቃ ይሆናል አልን። የካቲት ላይ ሐኪም ቤት ስንሄድ ታዲዮስ መንገድ ላይ ስለነበር አብረኸኝ የመጣኸው አንተ ነህ፤ ልጄን ያዘልካትም አንተ። ያ ወጣት ዶክተር፣ "ቤታችሁ ውስጥ ቲቢ የታመመ ወይም ለረጅም ጊዜ ያሳለ ሰው አለ?" ብሎ ሲጠይቀን ታስታውሳለህ? እኔ ምን አልኩ? "እናቴ ትሙት፣ እኛ ቤት እንዲህ ያለ በሽታ ገብቶ አያውቅም" አልኩት። ማንም ሳያስምለኝ ማልኩ። የአንተ ሳል ትዝም አላለኝ፤ ብርድ ነዋ። አንተ ግን ከጎኔ ነበርክ። አግዳሚው ጠባብ ስለሆነ ጉልበትህ ጉልበቴን ይነካው ነበር። ስልክህን አወጣህና አቀረቀርክ። ዶክተሩም እናት ከተናገረች ይበቃል ብሎ መሰለኝ፣ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘን።

ሕመሙ ሲብስባት ወጌሻ ዘንድ ልወስዳት ነው አልኩህ። ጥሩ ነው አልከኝ። ሽማግሌው ጀርባዋን በቅቤ እያሸ፣ አጥንቱ ቦታውን ስቷል ብሎ በሁለት እጁ ሲጫናት እግሮቿን ጠፍሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። "እማ፣ በቃኝ" ስትለኝ "ትንሽ ቻይው የኔ ልጅ" አልኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በአንተ ላይ ካለኝ ቁጣ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እነዚያን እግሮች አልይዝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ እግሯ እየዛለ ሲከዳት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ ራጅ ተነሳች፤ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው ተባለ። ወደ ጤና ጣቢያ ሲመሩን ሲስተር ሱመይራን አገኘን። ጥሩ ሴት ናት፤ ነገር አታለባብስም። የሩሃማ ዓይነቱ ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ልጆችም ብዙውን ጊዜ ከሚያስል ትልቅ ሰው እንደሚይዛቸው ነገረችኝ። እንግዲህ በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ማን ነው? እኔና ታዲዮስ። እኔ ተመርምሬ ነፃ ስሆን የሁሉም ዓይን ታዲዮስ ላይ ሆነ። የገዛ እናቱ ሳትቀር "ከየመንገዱ ምን ይዘህባት መጣህ?" አለችው። ራጅ ተነሳ፣ አክታውን ሰጠ፣ ምንም የለብህም ተባለ። አላመነም። እንደገና ሄዶ ተመረመረ። ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛ፣ ጠዋት ልጁን ሳይስማት በር ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘላት ሲወጣ ከረመ።

ይህን በስልክ ሳለቅስብህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። "መቼም ሹፌር የት እንደሚያድር አይታወቅም" አልከኝ። ይህን ያልከው ስለ ባለቤቴ ነው፤ በጋቢው ተጠቅልለህ ስለከረምክበት ሰው። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ማታ ታዲዮስን በክፉ ዓይን አየሁት።

እንዴት እንዳወቅሁብህ ኤልቤቴል ነግራህ ይሆናል፤ ከእኔ ግን ስማው። ሩሃማ መድኃኒት ስትጀምር ሲስተር ሱመይራ፣ ሽንቷ ቀይ ይሆናልና አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ደም አይደለም አለችኝ። እውነትም በማግስቱ ፖፖው ውስጥ ያለውን ሳየው ሳቅሁ። ለምን መሰለህ? ኅዳር ላይ ለትንቢት ልደት ቤታችሁ የመጣሁ ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው። የልጅቷን ፖፖ ልደፋ ይዤው ስወጣ ቀይ ሆኖ አይቼ፣ ደም መስሎኝ ኤልቤቴልን የጠራኋት ጊዜ። "ቀይ ስር በልታ ነው" አለችኝ። አንተም ከውስጥ ሆነህ "ቀይ ስር ነው፤ ቀይ ስር ስትወድ" አልክ። ይህን አስታውሼ ነው የሳቅሁት። ሩሃማንም "አንቺም እንደ ትንቢት ቀይ ስር በላሽ እንዴ?" ብዬ አሳቅኋት።

ከሳምንታት በኋላ ሲስተር ሱመይራ ለእኛም መከላከያ ልታስጀምረን ጠራችን። የታመመ ሰው ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች፣ በሽታው ሰውነታቸው ውስጥ ተኝቶ ከሆነ ሳይነሳ እንዲጠፋ መድኃኒት ይወስዳሉ አለችን። በተለይ ልጆች። ለልጆች የሚሰጠው ውሃ ውስጥ የሚሟሟና የሚጣፍጥ ነው፤ የእነሱም ሽንት ቀይ ይሆናል፤ እናቶች ሁሉ ደም መስሏቸው እየሮጡ ይመጣሉ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የዚያን ቀን የበላነው ሁሉ በዓይኔ መጣ። ዶሮ ወጥ ነበር፣ አይብ ነበር፣ ጎመን ነበር፣ ኬክ ነበር። ቀይ ስር በዚያ ቤት አላየሁም።

ኤልቤቴል ዘንድ ደወልኩ። ሰላምታም አላበዛሁም፤ "ትንቢት ያን ጊዜ የበላችው ቀይ ስር ነበር?" አልኳት። አለቀሰች። ታምመህ እንደነበር፣ ጤና ጣቢያ ያሉት ሰዎች ቤተሰብህን ጠይቀውህ እሷንና ሁለቱን ልጆች እንዳስመዘገብክ፣ ሦስቱም መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው እንደወሰዱ ነገረችኝ። "እኔ ለእታለም ንገራት ብዬዋለሁ፤ ከቤት ያስወጡኛል፣ መሥሪያ ቤትም ይሰማል ብሎ አስማለኝ" አለች። በእሷ አልፈርድም። ልጆቿ ተጠብቀውላታል፤ የማለችውም ለባሏ ነው። እኔ ግን ባሏን አሳድጌዋለሁ።

ለአንተ ስደውልልህ መጀመሪያ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው አልከኝ። ቀጥለህ፣ ሰው ቢሰማ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ አልከኝ። ይህን እንኳ ልረዳልህ እችል ነበር፤ ሰው ይፈራል። ሦስተኛው ነው የገደለኝ። "የጠየቁኝ እኮ ቤተሰቤን ነው፤ እኔም ቤተሰቤን ተናገርኩ" አልከኝ። ከዚያ በኋላ ነው ኔትወርኩ የጠፋው።

እስቲ ታኅሣሥን አስታውስ። የምትሠሩበት ጥናት ሊጀመር ነውና ጥያቄዎቹን እኔ ላይ ልለማመድ ብለህ እራት ላይ ወረቀትህን ዘረጋህ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብዬ መለስኩልህ። "በዚህ ጣራ ስር ስንት ሰው ያድራል?" አልከኝ። "አራት ነን፣ አንተን ጨምሮ" አልኩህ። ሩሃማ ሳቀች፣ "አጎቴ እንግዳ ነው እኮ" ብላ። አንተ ምን አልክ? "እታለም ትክክል ናት። የሚቆጠረው ዝምድናው አይደለም፣ የሚያድርበት ቤት ነው፤ አብሮ የሚያድር ሁሉ አንድ ቤት ነው" አልክ። ይህን ስትል ቫይታሚን ያልከው መድኃኒት ከኋላህ ወንበሩ ላይ በተሰቀለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጥናቱ ስለምን እንደሆነ ስጠይቅህም፣ የታመመ ሰው ላለበት ቤት ሁሉ መከላከያ ቢሰጥ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚል ነው አልከኝ። ጤነኛ ሰው ደግሞ ምን በወጣው መድኃኒት ይውጣል ብዬ ቀለድኩ። አንተ ግን ከልብህ አስረዳኸኝ። ቤቱን ሁሉ መጠበቅ፣ በኋላ የታመመውን አንዱን ከማዳን በብዙ ይረክሳል፤ ለመንግሥትም ለቤተሰብም ያዋጣል አልከኝ። "ያዋጣል" ስትል ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርገው ነበር።

ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የዚያን ቀን ጥያቄህን አሁን በደንብ ልመልስልህ እችላለሁ። የልብስ ስፌት ቤቴን ለወራት ዘግቼ ደንበኞቼ ሌላ ዘንድ ሄደዋል፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝም ዘንድሮ አላገኘሁም። ታዲዮስ ልጁን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ስንት ጭነት ትቷል። ይህ ወረቀትህ ላይ ቦታ ያለው ነው፤ ጻፈው። ሌላውን ግን የት እንደምትጽፈው አላውቅም። አባት ልጁን ሳይስም የወጣበትን ጠዋት የት ታስገባዋለህ? እኔ ባሌን በክፉ ዓይን ያየሁበትንስ? የሩሃማን ጀርባስ? የእኛ ቤት መድኃኒት በነፃ ነበር። የሚያስፈልገው አንተ "እታለም፣ ልጅሽን አስመርምሪያት" ብለህ አንዴ መናገርህ ብቻ ነበር። ይህም ለአንተ ተወደደብህ።

ለታዲዮስ ነገርኩት። ይጮኻል፣ ቤትህ ድረስ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ተነስቶ ሩሃማ ክፍል ገባ። ቀስ ብሎ አጠገቧ ተጋድሞ አንገቷን ሲስም በበሩ በኩል አየሁት።

አሁን የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ሩሃማ አንተ የቀረኸው በእሷ ምክንያት ይመስላታል። "አጎቴ እንዳይዘው ፈርቶ ነው የማይመጣው" ትለኛለች። አይተላለፍም፣ ሲስተርም ነግራሻለች ብላት አታምነኝም፤ አንተ የተማርክ ስለሆንክ አንተ ከቀረህ የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው። ልደውልልህ ስልኬን ሳነሳ ሻርፗን አፏ ላይ ሸፍና ነው ከጎኔ የምትቀመጠው። አንተ አታነሳም፤ እሷ ግን እስኪዘጋ ድረስ አፏን እንደሸፈነች ናት። የሰባት ዓመት ልጅ እንዳትታመምብኝ ብላ ትጠብቅሃለች። አንተ ይህን አላደረግህላትም።

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ስንት ጊዜ መለስኩት። ከእኔ ብትሰማው እናቴ አጎቴን ስለተቆጣችው ነው ትላለች። ስለዚህ አንተ ና። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጥና፣ ከአንቺ ወደ እኔ የሚመጣ የለም፣ ከእኔ ወደ አንቺ ነው የመጣው በላት። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፣ አታስረዝም። ከዚያም ሲስተር ሱመይራ ዘንድ ሄደህ ስትታመም የት የት ታድር እንደነበር ንገራት። በዚያ ክረምት ወርቃም ሄደህ አድረሃል፤ እማዬን ራስህ አስመርምራት፣ ለምን እንደሆነም በራስህ አፍ ንገራት። ለእኔ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አይደለም። ለዚያ ገና ዝግጁ አይደለሁም፤ ብዋሽህ ታውቅብኛለህ።

ስትመጣ ቀን ና፣ ለማደር አይደለም። አልጋህን ከሩሃማ ክፍል አውጥቼዋለሁ፤ ቦታው ሊያስፈልገን ነው። ሲስተር ሱመይራ ለታዲዮስ በሳምንት አንዴ የሚዋጠውን ስትሰጠው፣ ለእኔ ግን "አንቺን ለጊዜው ይሄኛው አይሆንሽም" ብላ ሌላ ዓይነት አዘዘችልኝ። ሆዴ እየገፋ ነውና ቀሚሶቼንም ከጎንና ከጎን እየተረተርኩ እያሰፋኋቸው ነው። እማዬ ገና አልሰማችም። ጥቅምት ላይ ከጥናታችሁ አንዱ መጥቶ በሬን ቢያንኳኳና በዚህ ጣራ ስር ስንት ሰው ያድራል ብሎ ቢጠይቀኝ፣ መልሴ ያው የድሮው ነው። አራት ነን እለዋለሁ። አንተን ሳይጨምር።

እግዚአብሔር ትንፋሽህን ያብዛልህ፤ ልጆችህን ከክፉ ነገር ይሰውርልህ። ኤልቤቴልን ሰላም በልልኝ፣ አልተቀየምኳትም። ትንቢትን ሳምልኝ። ሩሃማም ሰላም ብላሃለች፤ ከሩቅ ነው በይው አለችኝ።

እታለም ትላት የነበረችው፣
የሩሃማ እናት